እሽጉ አልተነካም

የካ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1973 ዓ.ም.
በፖስታ

ለዶክተር ነገሳ ሰቦቃ
ቤጊ ጤና ጣቢያ

እንደምን ሰነበቱ ዶክተር? እኛ ደኅና ነን፤ ሆስፒታሉም እንደተዉት ኮረብታው ላይ ተቀምጧል። ደብዳቤዎ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶኛል። ሦስት ነገር ጠይቀውኛልና በተራ ልመልስ።

"ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?" ብለው ነው የጻፉት። ለሁለት ሳምንት ተኩል ማንም አልተቀመጠም። የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ በየጠዋቱ ትወለውለው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን ጓድ ኃይለጊዮርጊስ የሚባሉ ዋና ዳይሬክተር ተሾመውልናል። ሐኪም አይደሉም፤ ከመንግሥት እርሻ ነው የመጡት። ሠራተኛውን ሰብስበው ደረጃው ላይ ቆሙና "ይህ ሆስፒታል በዓመት ስንት ሐኪም ያመርታል?" ብለው ጠየቁ። እኔ "እንደ ዝናቡ ነው" አልኳቸው። ሳቁ። ክፉ ሰው አይመስሉም፤ ዋርድ ሲዞሩ በሽተኛ ፊት ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

የነርስ ትምህርት ቤቴ አልተዘጋም። እኔም ከኃላፊነቴ አልተነሣሁም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ማለቴ ነው።

ሦስተኛው የመጋዘኑ ነገር ነው። በወረቀትና በሰም ያሸጉት ጓጉንቸር በሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ፊርማዎም አልደበዘዘም። አራቱ የሕፃናት ማሞቂያዎች ከነሣጥናቸው ውስጥ ናቸው። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ቁልፉን ጠየቁ። የመጋዘን ኃላፊው በዳዳ "ቁልፉ ቤጊ ነው" ቢላቸው የሰው ስም መስሏቸው "ይጠራ" አሉ። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ስምንት ሕፃናት ተቀብለናል። ሦስቱ በሕይወት አሉ። ማሞቂያዎቹ ከዋርዱ ሠላሳ እርምጃ ይርቃሉ፤ ለክቼዋለሁ። ርክክብ ካልተደረገ በሩ አይከፈትም ይሉኛል፤ እርስዎም ይህንኑ ብለው ነው የሄዱት። እኔ ምን ላድርግ?

እናትዎ እማማ ዲንቄ ሐሙስ ሐሙስ ከላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ካለው ቤታቸው ወርደው ካርድ ክፍሉ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። በሽተኛ መስለዋቸው ተራ ቁጥር የሰጧቸው ጊዜ አለ። "ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?" ይሉኛል። "ሲጠሩት" እላቸዋለሁ። "ማን ነው የሚጠራው?" ሲሉኝ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

አክባሪዎ
ሲስተር ፋዲላ


ቤጊ፣ ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.
በፖስታ

ለእህቴ ለሲስተር ፋዲላ

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ምን እንደምልሽ አጥቼ ነው።

ኑሮዬን ልንገርሽ። አንድ ድሬሰር፣ አንድ ዘበኛና በላምባ የሚሠራ አንድ ማቀዝቀዣ አሉኝ። ከሦስቱ የሚታመመው ማቀዝቀዣው ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው ወባ ነው። ሰዉ ደግ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያባረሩት ሐኪም ምን አጥፍቶ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ስለ ቁልፉ፣ ነገር ከሥሩ ነው። ማሞቂያዎቹ ከወዳጅ አገር በእርዳታ ሲመጡ የተረከብኩት እኔ ነኝ። መስከረም ሃያ ሁለት ቀን የዝውውር ደብዳቤው ሲሰጠኝ ተተኪ አልነበረኝም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሂድ ተባልኩ። ለማን ላስረክብ? መጋዘኑን አሽጌ ቁልፉን ያዝኩ። ደንቡ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ አስረካቢና ተረካቢ ፊት ለፊት ቆመው ይቆጥራሉ፣ ይፈራረማሉ። ቁልፍ በፖስታ አይላክም። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ አንዲት መጥሪያ ይጻፉልኝ፤ በሳምንት ውስጥ እደርሳለሁ።

አንቺን አልዋሽሽም። አንዴ ከመጣሁ ጉዳዬ እንደገና እንዲታይ አመለክታለሁ። ጥፋቴ በመስከረም ሁለቱ ሰልፍ ተማሪዎቹን ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ አላስነሣም ማለቴ ብቻ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። እዚያ ሰው ስሜን የሚያነሣው ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ስላለ ነው። ይህን ሳስብ አፍራለሁ፤ ግን አስበዋለሁ።

እስከዚያው ሕፃናቱን በጥጥ ጠቅልሏቸው። ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በግራ ቀኛቸው አድርጉ። እናቶቹም ደረታቸው ላይ ይያዟቸው፤ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

ወንድምሽ
ነገሳ


የካ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1973 ዓ.ም.
በፖስታ

ለዶክተር ነገሳ

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? የወባ ኪኒን ይውሰዱ፤ ሐኪም ራሱን አያክምም።

ምክርዎን ተከትለናል። የእናቶቹ ደረት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ እናቶች ራሳቸው ታመው ተኝተዋል። ከጠርሙሶቹ ደግሞ የአንዱ ክዳን ተከፍቶ ሙቅ ውሃው የአንድ ሕፃን ጭን አቃጠለ። ሞልታ የዘጋችው ተማሪ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔም አልተቆጣኋትም።

መጥሪያውን ጠይቀዋል። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ለበላይ አካል ጽፈው ነበር። "ለማረሚያ የተዛወረ ሠራተኛ ስድስት ወር ሳይሞላው ከተመደበበት አይጠራም" የሚል መልስ መጣላቸው። ቢሮ ጠርተውኝ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ። "ሲስተር፣ በሩን ለመክፈት ሰውዬውን መጥራት አለብኝ። ሰውዬውን ለመጥራት ስድስት ወር መጠበቅ አለብኝ። እርሻ ላይ ይህ ቢሆን ሰብሉ ማሳው ላይ ይበሰብስ ነበር" አሉኝ። "እዚህም ያው ነው ጓድ" አልኳቸው።

ሌላ አዲስ ነገር ልንገርዎት። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ጣሪያ ተጠግኗል። የውይይት ክበቡ ረቡዕ ረቡዕ ሆኗል። ባለፈው ረቡዕ "ሲስተር ፋዲላ ትኮሳተራለች" ተብሎ ሂስ ቀረበብኝ። ሂሱን ተቀበልኩ፤ ግለሂሴንም ኮስተር ብዬ አቀረብኩ።

ዶክተር፣ ደንቡን አውቀዋለሁ። ለተማሪዎቼም የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን ትላንት አንዲት የኮተቤ ሴት ልጇ ሞተባት። አምና የወለደችውም እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው የቀረው። ነጠላዋን አጣፍታ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በእርስዎም ላይ ተናድጃለሁ፤ ይወቁት ብዬ ነው።

ስለ መጋዘኑ ከዚህ በላይ በፖስታ የምጽፈው የለኝም።

ፋዲላ


ቤጊ፣ ጥር 25 ቀን 1973 ዓ.ም.
በጀማለዲን እጅ

ለሲስተር ፋዲላ

ይህን የሚያደርስልሽ ጀማለዲን ነው፤ የክትባት መኪና ሾፌሩን ታውቂዋለሽ። መልስሽንም በእሱ እጅ ስጪልኝ። ፖስታ ብዙ ዓይን አለው።

መናደድሽ ልክ ነው። የኮተቤዋን ሴት ያነበብኩ ቀን ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ማታ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚህ የተሻለ የምነግርሽ ነገር ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ወደ እርሻቸው መመለሳቸውን፣ ዶክተር ጎበናም ዳይሬክተር መሆኑን ሰምቻለሁ። ጎበና ተማሪዬ ነበር። መርፌ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን ከውጭ ተምሮ መጥቶ ተሾመ። ደብዳቤ ጽፎልኛል። ስድስቱ ወር ሲሞላ፣ በመጋቢት መጨረሻ ማለት ነው፣ የሕፃናት ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሊያስመልሰኝ ጠይቆ ፈቅደውለታል። አንድ ነገር ብቻ አስረግጠው ነግረውታል፤ በስሜ ያለው ንብረት ሳይዛነፍ መገኘት አለበት። መጋቢት 14 ቀን ኮሚቴ መጥቶ መጋዘኑን ይከፍታል። ከዚያ በፊት ቁልፉን ላክ ብሎኛል። ስለዚህ ፋዲላ፣ ልመጣ ነው። እንዲህ ብሎ መጻፍ ራሱ ደስ ይላል።

ነገር ግን ጀማለዲን ትላንት ሲጫወት "የእናንተ ሆስፒታል ዘንድሮ ሕፃን በመስተዋት ሣጥን ያሳድጋል አሉ" ብሎኝ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፤ እሽጉ ተነክቷል ወይስ አልተነካም?

ለእናቴ እንደምመጣ አትንገሪያት። እኔው በር ላይ ቆሜ ልንገራት።

ነገሳ


የካ፣ የካቲት 16 ቀን 1973 ዓ.ም.
በጀማለዲን እጅ

ለዶክተር ነገሳ

እሽጉ አልተነካም። ሰሙ አልተሰነጠቀም፤ ወረቀቱም አልተቀደደም። ቁልፍ የገባበትም የለም።

በሩን ግን በሌላው ጎን ከፍተነዋል።

ሙሉውን ልንገርዎት። ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ሐሙስ። እማማ ዲንቄ እንደ ልማዳቸው አግዳሚው ላይ ነበሩ። ያቺ ጠርሙሱን የዘጋችው ተማሪ አንድ ሕፃን በጋቢ ጠቅልላ እያለቀሰች ስታልፍ አይተው ጠሩኝ። "የሚያሞቃቸው ዕቃ የት ነው ያለው?" አሉኝ። አሳየኋቸው። ዱላቸውን እየተደገፉ መጋዘኑ ድረስ ሄዱ። ጓጉንቸሩን አዩ። ፊርማዎንም ሳይነኩ በጣታቸው እያመለከቱ "ይሄ የነገሳ እጅ ነው?" አሉኝ። ከዚያ ወደ በሩ ሌላኛው ጠርዝ ዞሩና ማጠፊያዎቹን እየተመለከቱ ጥቂት ቆዩ። "ሰቦቃም ነፍሱን ይማረውና የጎተራውን ቁልፍ ኪሱ ከቶ ገበያ ይወርድ ነበር። ልጆቼ አንድ ቀን ጦማቸውን አላደሩም። በር በቁልፉ በኩል ብቻ ይከፈታል ያለው ማን ነው?" አሉኝ።

በዳዳ ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ሦስት ማጠፊያ፣ አሥራ ሁለት ብሎን። ላብ በላብ ሆኖ "ሲስተር፣ ሌባ ሆንን ማለት ነው?" አለኝ። "ለዛሬ አናጢ ነን" አልኩት። ብሎኖቹ ሲወልቁ በሩ በጓጉንቸሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰሙ እንዳይሰነጠቅ እማማ ዲንቄ ጓጉንቸሩን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ያዙልን። እኔና በዳዳ በማጠፊያው በኩል ሁለት ሣጥን አወጣን። የክፍሉ መብራት መስመር ከሁለት በላይ አይችልም፤ ባይሆን ኖሮ አራቱንም አወጣ ነበር። ብሎኖቹን መልሰን አሠርን። ሥራው ሲያልቅ እናትዎ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ተራቸውን ሊጠብቁ ወደ አግዳሚያቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ ሁለት ሕፃናት ተቀብለናል፤ ሲጠብ ሁለቱን በአንድ ሣጥን እያስተኛን። ዘጠኙ ቤታቸው ገብተዋል።

ማን አወቀ ይላሉ። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ከመሄዳቸው በፊት አይተዋል። ጎንበስ ብለው በመስተዋቱ አዩና "ለጫጩት እኛም አለን" ብለውኝ አለፉ። ዶክተር ጎበና ግን ሲያይ የዕቃውን ቁጥር አነበበ፤ ከዚያ ወደኔ አየ። ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። ኮሚቴውን የላከው እሱ አይደለም፤ ከላይ ነው የመጣበት። ሊያስቀረው አይችልም፤ እኔም አስቀርልኝ አላልኩትም።

የታሸገ የመንግሥት መጋዘን ከፍቶ የተገኘ ሰው የት እንደሚገባ ያውቁታል። ቤጊ አይደለም። በዳዳ አምስት ልጆች አሉት። ስለዚህ ብቻዬን ነቀልኩት ልላቸው ነው፤ አሥራ ሁለት ብሎን ለአንዲት ሴት ያን ያህል አይከብድም። እርስዎ ግን መጋዘኑ ሁለት ጎድሎት ሲገኝ የመመለስዎ ነገር እንደሚበላሽ አውቃለሁ። ያን ቀን አላወቅሁም ነበር። ባውቅም ኖሮ በሩን ከመንቀል የምመለስ አይመስለኝም፤ ይህን ልደብቅዎት አልፈልግም።

ምንም አልጠይቅዎትም። የጠየቁኝን መልሻለሁ።

ፋዲላ


ቤጊ፣ የካቲት 29 ቀን 1973 ዓ.ም.
በጀማለዲን እጅ

ለሲስተር ፋዲላ

ከዚህ ጋር ያለውን ደብዳቤ ለዶክተር ጎበና በእጁ ስጪው። ቁልፉ ፖስታው ውስጥ ነው። ኮሚቴው የሚጠይቅሽን እንድታውቂው ግልባጩን ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ።

"ለዋና ዳይሬክተሩ። ጉዳዩ፦ የርክክብ ሰነድ ስሕተትን ይመለከታል። በስሜ ከተመዘገቡት አራት የሕፃናት ማሞቂያዎች መካከል ሁለቱን፣ መጋዘኑን ከማሸጌ በፊት መስከረም 22 ቀን 1973 ዓ.ም. ለተማሪዎች ማስተማሪያ እንዲሆኑ በቃል ትእዛዝ ለሲስተር ፋዲላ የሰጠሁ ሲሆን፣ በጥድፊያ ምክንያት ከሰነዱ ላይ ሳልቀንስ ሄጃለሁ። ስለሆነም መጋዘኑ ሲታሸግ በውስጡ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። የእሽጉ አለመነካት ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣ ዶክተር ነገሳ ሰቦቃ።"

በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው የሐሰት ደብዳቤ ይህ ነው። ጽሑፉ እንዳያሳፍረኝ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት።

ለብቻሽ ቆመሽ አንድም ቃል እንዳትናገሪ። ሁለት ዓይነት ወሬ ከሰሙ ሁላችንም እንጠፋለን። "በቃል ታዝዤ ተቀበልኩ" በይ፤ ከዚያ በላይ ዝም። ዝም አይነቅዝም። በዳዳንም ሌባ አይደለህም በይልኝ፤ ከእኔ አፍ ይስማው።

ንብረቱ ተዛንፎ ስለሚገኝ እኔ አልመጣም። አስቤበታለሁ፤ ሁለት ቀን አሰብኩበት። የምይዘው ደንቡን መስሎኝ ነበር። ስመረምረው ግን የያዝኩት መመለሻዬን ነው። ያንቺን ዘጠኝ ሕፃናት ቆጥሬ ደስ አለኝ፤ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሱኝ ግን ከእነሱ በፊት የነበሩት ናቸው። ቁልፉን በመጀመሪያው ደብዳቤሽ መልስ ውስጥ ጠቅልዬ መላክ እችል ነበር። ፖስታ ቤቱ ከደጄ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ እኔም ለካሁት።

ለእናቴ አለመንገርሽ መልካም ሆነ።

ነገሳ


የካ፣ መጋቢት 18 ቀን 1973 ዓ.ም.
በጀማለዲን እጅ

ለዶክተር ነገሳ

ደብዳቤዎ በጊዜው ደረሰ። ኮሚቴው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሆኖ መጣ።

ሰሙን በአጉሊ መነጽር አዩት። ፊርማዎን ከፋይሉ ጋር አስተያዩት። ጓጉንቸሩን በቁልፉ ከፈቱ፤ ሁለት ሣጥን አገኙ፤ ደብዳቤዎን አነበቡ። "በቃል ታዝዤ ተቀበልኩ" አልኩ። በዳዳ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ብቻ ሲወጡ የበሩን ማጠፊያ በጣታቸው ነኩ፤ ጣታቸው አረንጓዴ ሆነ። ለካ ዶክተር ጎበና ቅዳሜ ዕለት የኮሪደሩን በሮች በሙሉ ከነማጠፊያቸው ቀለም አስቀብቷቸው ኖሯል። ሽማግሌው "ይህ ምንድን ነው?" ቢሉት "ለሜይዴይ ዝግጅት ነው" አለ። "ገና አርባ ቀን አለው እኮ" አሉት። "እኛ ቀድመን ነው የምንዘጋጀው" አለ። ሽማግሌው ጣታቸውን በመሐረብ ጠርገው ወጡ።

ውሳኔው በማግስቱ መጣ። ለእርስዎ ከባድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል፤ ወደ ሆስፒታሉ የመመለስዎ ጉዳይም ላልተወሰነ ጊዜ ተሰርዟል። ደብዳቤው ላይ የፈረመው ጎበና ነው፤ መፈረም ነበረበት። አጠገቡ ቆሜ ነበር። እጁ እንደ ተማሪነቱ ጊዜ ነው።

አራቱም ማሞቂያዎች አሁን ይሠራሉ። አዲስ መስመር ተዘርግቶልናል። የኮተቤዋ ሴት ከሦስት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ መጥታ በበሩ አይታቸው ሄደች። ምን እንደተሰማት አልጠየቅኋትም።

አሁን የቀረኝን ልናዘዝ። ለእማማ ዲንቄ አትንገሪያቸው ብለውኝ ነበር። ልመጣ ነው ያሉበት ደብዳቤ በየካቲት እንደደረሰኝ ነግሬያቸው ነበር፤ አላስቻለኝም። ያንን ያህል ሐሙስ ቆጥረው አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበላቸው ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸውን አስለስነዋል፤ አልጋ ተውሰዋል፤ ለጎረቤቱ ሁሉ "ነገሳ መጋቢት ሲያልቅ ይገባል" ብለዋል። የእኔ ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ትላንት ሐሙስ መጡ። አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የኮሚቴውን፣ የደብዳቤውን፣ ለምን እንደማይመጡ። አላለቀሱም። የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ሲያጸዱ የነበሩት ሴቶች እስኪያልፉ ጠበቁና ጻፊልኝ አሉኝ። በኦሮምኛ ነው ያሉት፤ በዳዳ እየተረጎመልኝ የጻፍኩት ይህ ነው።

"ነገሳ ልጄ፣ ጓጉንቸሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰሙ እንዳይሰነጠቅ በሁለት እጄ ይዤ ነው አንተን ያስቀረሁህ። ነገ መጥተው ያዢ ቢሉኝ እይዘዋለሁ፤ አትቀየመኝ። አልጋውን አልመለስኩም። ሰዎቹ ካልጠየቁኝ እኔም አልመልስም። ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ፤ አንተ ባትኖርም እዚያ ሰው ያውቀኛል።"

እኔ የጨመርኩበት የለም። ሲነሡ መዳፋቸውን ዘርግተው "ሰሙ እስካሁን አለቀቀኝም፤ ይኸው እይ" አሉኝ። አየሁ፤ ምንም የለበትም። "አዎ እማማ፣ ይታያል" አልኳቸው።

ፋዲላ